ሚኒስትር ሲጠየቅ፦ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ሥራና ንግድ በስዊድን ምክር ቤት ፊት

በፓርላማ ሥርዓት በሚተዳደር አገር የሕዝብ ተወካዮች ከሚያከናውኗቸው ተግባራት መካከል ከሁሉ ቀልሎ የሚታየው ሚኒስትርን ጠርቶ መጠየቅ ነው። ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ መንግሥት መሾምና መሻር ውጤታቸው ወዲያው የሚታይ ሥልጣኖች ሲሆኑ፣ ጥያቄ ግን በራሱ አንድም አንቀጽ አይለውጥም፣ አንድም ሳንቲም ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው አያዛውርም። ይሁን እንጂ የሕመም አበሉ የተቋረጠበት ሠራተኛ፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት ወይም ምርቱን ባሕር ማዶ የሚልከው ገበሬ ጉዳዩ በአገሪቱ ከፍተኛ ሸንጎ ፊት በስሙ ባይሆንም በዓይነቱ የሚነሣው በአብዛኛው በጥያቄ አማካይነት በመሆኑ፣ ይህ መብት ምን ያህል እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ለማንኛውም ዜጋ የሚገባ ዕውቀት ነው።

ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የተመረጠችው ስዊድን ናት። የተመረጠችውም በማኅበራዊ ዋስትናዋ ስለታወቀች ብቻ ሳይሆን፣ የማኅበራዊ ዋስትና፣ የሥራና የንግድ ሚኒስትሮቿ በአንድ አዳራሽና በአንድ ደንብ ቢጠየቁም በእጃቸው ያለው ሥልጣን እጅግ የተለያየ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሚኒስትር በዘርፉ ያለውን መሥሪያ ቤት በነጠላ ጉዳይ ላይ እንዳያዝ ሕገ መንግሥቱ ይከለክለዋል፤ በሁለተኛው ዘርፍ ከዋና ዋናዎቹ ጉዳዮች ብዙዎቹ የሚወሰኑት በአሠሪዎችና በሠራተኛ ማኅበራት ስምምነት ነው፤ የሦስተኛው ሥልጣን ደግሞ አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነችበት ከ1995 ወዲህ በአብዛኛው ወደ ብራስልስ ተሻግሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ ልዩነት የሚገኘው ትምህርት የጥያቄ ዋጋ በጠያቂው አንደበት ስለት እንደማይለካ፣ ይልቁንም የተጠየቀው ነገር በእርግጥ በተጠያቂው እጅ በመሆኑና የተሰጠው መልስ ተጽፎ ኋላ የሚያስጠይቅ በመሆኑ እንደሚለካ ነው።

የስዊድን ምክር ቤት ሪክስዳግ ይባላል። እስከ 1970 ድረስ ሁለት ምክር ቤቶች የነበሩት ሲሆን ከ1971 ጀምሮ አንድ ብቻ ሆኗል። መጀመሪያ 350 መቀመጫዎች ነበሩት፤ በ1973ቱ ምርጫ ሁለቱ የፖለቲካ ጎራዎች እኩል 175 መቀመጫ በማግኘታቸው ድምፅ እኩል በተከፈለ ጊዜ ሁሉ ውሳኔው በዕጣ ሲሰጥ ቆየ፤ አንድ አገር የግብርና የአበል ሕጉን በዕጣ እንዲወስን መገደዱ ደግሞ ለማንም የሚደላ ነገር ስላልነበረ፣ ከ1976ቱ ምርጫ ወዲህ የመቀመጫው ቁጥር 349 ተደረገ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት አስተዳደር መሠረታዊ ሕግ የጸደቀው በ1974 ነው። በዚሁ ሕግ ምዕራፍ 13 ማንኛውም የምክር ቤት አባል ማንኛውንም ሚኒስትር የሥራውን አፈጻጸም በሚመለከት ጉዳይ የመጠየቅ መብት ተሰጥቶታል። «የሥራውን አፈጻጸም በሚመለከት» የሚለው ገደብ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ዙሪያ ነው።

ጥያቄው የሚቀርበው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ኢንተርፔላሾን የሚባለው ሲሆን፣ ይህም ምክንያቱና ዳራው ተብራርቶ በጽሑፍ የሚቀርብ፣ ሚኒስትሩም በመደበኛው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በምክር ቤቱ ቀርቦ በቃል የሚመልሰውና ክርክር የሚከተለው ሰፊ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው አጭር የጽሑፍ ጥያቄ ሲሆን መልሱም በጽሑፍ ይሰጣል፤ ክርክር የለውም፣ ግን የሚኒስትሩ ስም ሰፍሮበት ስለሚታተም እንደ ቃል ኪዳን ሊያዝ ይችላል። ሦስተኛው በጉባኤ ወቅት ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሚካሄደው የጥያቄ ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ሚኒስትሮች አንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ አፈ ጉባኤው ተራ ይሰጣል፣ ጠያቂው ጥያቄውን አስቀድሞ ሳያስገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያቀርባል፣ ሚኒስትሩም በዚያው ልክ አሳጥሮ ይመልሳል። በአንድ ቀን አንዱ አባል ስለ ሕመም አበል፣ ቀጥሎ የተነሣው ስለ ሥራ አጥነት፣ ሌላው ስለ ቀረጥ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ አድማጩ የአንድ አገርን ጭንቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ለውጭ ተመልካች እንግዳ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ጠያቂው ኢንተርፔላሾኑን ለአንድ ሚኒስትር ጽፎ ቢልክም መልሱን ማን እንደሚሰጥ የሚወስነው መንግሥት ነው። ስዊድን ውስጥ ውሳኔ የሚወሰነው በመንግሥቱ ስም በጋራ እንጂ በአንድ ሚኒስትር ፊርማ ብቻ ስላልሆነ፣ ጥያቄው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ለሥራ ሚኒስትሩ የተላከ ጥያቄ በፍልሰት ሚኒስትሩ ሲመለስ ጠያቂው ቅር ሊለው ይችላል፤ ግን ዝውውሩ ራሱ መንግሥት ጉዳዩን የሥራ ገበያ ጉዳይ አድርጎ እንደሚያየው ወይም የድንበር ጉዳይ አድርጎ እንደሚያየው የሚያሳብቅ በመሆኑ፣ አስተዋይ ጠያቂ ከዚህም አንድ ነገር ይማራል።

ከማኅበራዊ ዋስትና እንጀምር ቢባል ታሪኩ ረጅም ነው። ማኅበራዊ ዋስትና ሲባል ሰው ሲያረጅ፣ ሲታመም፣ ሲወልድ ወይም አካሉ ሲጎዳ የሚያጣውን ገቢ ከጋራ መዋጮና ከግብር የሚተካ ሥርዓት ማለት ሲሆን፣ ስዊድን መላውን ሕዝብ የሚያካትት የጡረታ ሕግ ያወጣችው በ1913 ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ጡረታ ይኑር አይኑር በሚለው ክርክር አገሪቱ በ1957 ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች፣ በ1958 አንዱ ምክር ቤት ተበትኖ ምርጫ ተደረገ፣ በ1959 ደግሞ ሕጉ በ115 ለ114 ድምፅ አለፈ፤ ሊያልፍ የቻለውም ከተቃዋሚው የሕዝብ ፓርቲ አባላት አንዱ የነበሩት ቱረ ኮኒግሶን ድምፀ ተአቅቦ በማድረጋቸው ነው። የጡረታ ነገር በዚያ አገር መንግሥት የሚያቆምና የሚያፈርስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ትዝታ ያስፈራቸው ፓርቲዎች በ1994 አምስት ሆነው አዲስ የጡረታ ሥርዓት ላይ ተስማሙ። በዚህ ሥርዓት ጡረታ ከሚያስገኘው ገቢ 18.5 በመቶው ይታሰባል፤ 16 በመቶው የዛሬዎቹን ጡረተኞች ለመክፈል ሲውል 2.5 በመቶው በየግለሰቡ ስም በገንዘብ ገበያ ይቀመጣል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቁጥር እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ያዋጣሉና። ልዩነቱ ያለው መጠኑ ላይ ሳይሆን ስለ ጡረታው ማን ሊጠየቅ ይችላል በሚለው ነው። በስዊድን ስምምነቱን የፈረሙት ፓርቲዎች የጡረታ ቡድን የተባለ የራሳቸው መወያያ ስላላቸው፣ ሚኒስትሩ ስለ ጡረታ ማሻሻያ በተጠየቁ ቁጥር ጉዳዩ በቡድኑ እየታየ ነው የሚል መልስ ሲሰጡ መስማት የተለመደ ነው። ስምምነቱ ለጡረታው መረጋጋትን አምጥቷል፤ ሆኖም ውሳኔው በዝግ በር ከተሰናዳ በኋላ በአደባባይ የሚቀርበው ጥያቄ ፍሬ እንደሚያንሰው አለመናገር አይቻልም። ለአንድ ጡረተኛ የሚመች ሥርዓት ለአንድ ጠያቂ ላይመች ይችላል።

ከጡረታ ይልቅ ጥያቄ የሚበዛበት የሕመም አበሉ ነው፤ ምክንያቱም ጡረታ ሁሉም ሰው ቀኑን አውቆ የሚጠብቀው ሲሆን ሕመም ግን ሳይታሰብ የሚመጣና ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ነገር ነው። በስዊድን ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያዎቹን 14 ቀናት የሚከፍለው አሠሪው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ከተወሰነ ጣሪያ በታች ካለው ገቢ 80 በመቶ ያህሉን ይከፍላል። በ2008 ሐምሌ ወር የወቅቱ መንግሥት የማገገሚያ ሰንሰለት የተባለውን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። የሰንሰለቱን አሠራር በቅርብ ለማየት፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብና ወገቧን የታመመች አንዲት ሠራተኛ ትታሰብ። እስከ 90ኛው ቀን ድረስ የሚመረመረው የራሷን የተለመደ ሥራ መሥራት መቻል አለመቻሏ ነው። ከ90ኛው ቀን በኋላ እዚያው አሠሪዋ ዘንድ ሊሰጣት የሚችል ሌላ ሥራ መኖር አለመኖሩ ይታያል። 180ኛው ቀን ሲያልፍ ግን፣ ወደ አሠሪዋ የመመለሷ ዕድል የታወቀ ካልሆነ በቀር፣ መለኪያው በአገሪቱ የሥራ ገበያ በተለምዶ ከሚገኙ ሥራዎች አንዱን ልትሠራ ትችላለች ወይ የሚለው ይሆናል። ሽማግሌ ማንሣት የማትችለው ይህች ሴት ተቀምጣ ስልክ መመለስ ትችላለች ከተባለ፣ ያንን ሥራ የሚሰጣት ሰው ኖረም አልኖረም አበሏ ሊቋረጥ ይችላል።

እነሆ ሚኒስትሩ የሚጠየቁት በዚህ 180ኛ ቀን ዙሪያ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ከምርጫ ክልሉ የመጣለትን አቤቱታ ይዞ ይቆምና ይህች ሠራተኛ ለምን ተከለከለች ብሎ ይጠይቃል። የሚኒስትሩ መልስ ማን ሥልጣን ላይ ቢሆን አይለወጥም፤ ስለ ነጠላ ጉዳይ አስተያየት መስጠት አልችልም የሚል ነው። ይህ መልስ ለበሽተኛዋም ለጠያቂውም መሸሻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመሠረታዊው ሕግ ምዕራፍ 12 ላይ የተመሠረተ ነው፤ በዚያ መሠረት አንድ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት በአንድ ግለሰብ ላይ ሥልጣኑን ሲሠራበት ወይም ሕግን ሲተረጉም እንዴት መወሰን እንዳለበት ሚኒስትሩም ሆነ ራሱ ምክር ቤቱ ሊነግረው አይችልም። ስዊድኖች ይህን ልማድ ሥሩን እስከ 1634 የአክሰል ኦክሰንሸርና የአስተዳደር ሥርዓት ድረስ ወስደው ይተርኩታል። ዓላማውም አበል ፈቃጁ ሹም ከሚኒስትሩ ስልክ ይልቅ ሕጉን እንዲሰማ ማድረግ ነው፤ አንድ ሚኒስትር ለአንዲት በሽተኛ ደውሎ ማስፈቀድ ከቻለ ለሌላዋ ደውሎ ማስከልከልም ይችላልና። የተከለከለችው ሠራተኛ መንገዷ በመሥሪያ ቤቱ ዳግም ማስመርመር፣ ከዚያም ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ነው፤ አያያዙ ከበደላት ደግሞ በ1809ኙ ሕገ መንግሥት ለተቋቋመው የምክር ቤቱ ዕንባ ጠባቂ ታመለክታለች። ኢትዮጵያ በ2000 በአዋጅ ቁጥር 211 ያቋቋመችው የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋምም የዚሁ የስዊድን ሐሳብ የሩቅ ልጅ ነው።

ታዲያ ሚኒስትሩ በነጠላ ጉዳይ ካልተጠየቁ በምን ይጠየቃሉ? መንግሥት በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው የሕግ ረቂቅ፣ የሚያወጣው ደንብ፣ በጀቱ፣ በየዓመቱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጽፈው የመመሪያ ደብዳቤና የዋና ዳይሬክተሩ ሹመት። ጥያቄውን የሚያውቅበት አባል ከእነዚህ አንዱን ይይዛል። ለዚህ በ2015 የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት የሕመም ቀን መጠኑ በ2020 መጨረሻ ከ9.0 እንዳይበልጥ ግብ አስቀመጠ፤ የሕመም ቀን መጠን ማለት ከ16 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ዋስትና ያላቸው ሰዎች በነፍስ ወከፍ በዓመት አበል የተከፈለባቸው ቀናት አማካይ ነው። ግቡ ስለማንም በሽተኛ አንድ ቃል አይናገርም፤ ሆኖም ብዙ ሺህ ጉዳዮችን የሚያይ መሥሪያ ቤት አማካዩን ዝቅ እንዲያደርግ ከተነገረው፣ ነገሩ በየማመልከቻው ሚዛን ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ስለዚህ እገሊት ለምን ተከለከለች የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ ግቡ የጉዳይ መርማሪዎችን ውሳኔ እንዳያጠብቅ ሚኒስትሩ ምን ጥንቃቄ አድርገዋል የሚለው ጥያቄ ግን መሸሻ የለውም፤ ግቡን ያስቀመጠው መንግሥት ራሱ ነውና። የምርጫ ክልሉን አቤቱታ ወደዚህ ዓይነት ጥያቄ መለወጥ የቻለ ተወካይ ለመራጩ የሚገባውን ሠርቷል።

የማጥበቁ ክርክር እየጋለ ሄዶ በ2018 ሚያዝያ ወር መንግሥት የመሥሪያ ቤቱን ዋና ዳይሬክተር አን ማሪ በግለርን ከኃላፊነት አነሣ። በወቅቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስትር የነበሩት አኒካ ስትራንድሄል ነበሩ። ጉዳዩ በዚህ አላበቃም፤ የሚኒስትሮችን አሠራር የሚመረምረው የሕገ መንግሥት ኮሚቴ ዋና ዳይሬክተሯ የተነሡበትን መንገድ መረመረ፣ ሚኒስትሯ በምርመራው ወቅት የሰጡት ማብራሪያም ትክክለኛነቱ አከራከረ፣ በመጨረሻም በ2019 ግንቦት ወር ተቃዋሚዎች የመተማመኛ ድምፅ ጠየቁ። በስዊድን ሕግ ከአባላቱ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 35 ሰው፣ ይህን ድምፅ ሊያስጠራ ይችላል፤ ሚኒስትሩን ለማንሣት ግን ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 175 ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ስላልተገኘ ሚኒስትሯ በቦታቸው ቀጠሉ። ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ክርክሩ ከአበል ፖሊሲ ተነሥቶ ለምርመራ የተሰጠው መልስ እውነት ነው ወይ ወደሚለው መሻገሩ ነው። ፖሊሲ ላይ ሰው ሊለያይ ይችላል፤ ለምክር ቤት የተሰጠ መልስ ግን እውነት መሆን አለበት፣ ካልሆነ ጥያቄ የሚባለው መብት ሁሉ ባዶ ነው። የሚኒስትር ወንበር የተነቃነቀው በዚህ ላይ መሆኑ የሥርዓቱ ጤንነት ምልክት እንጂ የፖለቲካ ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

180ኛው ቀንም ቢሆን እንዳለ አልቀረም። በ2021 ከ180ኛው ቀን በኋላ ወደ አሠሪያቸው ሊመለሱ የሚችሉ ሕሙማን የሚያገኙት የጊዜ ፋታ ሰፋ፤ በ2022 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው ሊሠራው ይችላል የሚለውን ሥራ ከታወቁ የሙያ ምድቦች ጠቅሶ እንዲያሳይ ተደረገ። አንዱም ጥያቄ ብቻውን ይህን አላመጣም። በአዳራሹ ለዓመታት የተደጋገመው፣ ቃል በቃል የተመዘገበውና ጋዜጣ የተቀባበለው ክርክር ግን ከሕግ ለውጡ በፊት መንገዱን እንደጠረገ ማየት ይቻላል።

የሥራ ሚኒስትሩ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ስዊድን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም፤ ከ1938ቱ የሳልትሾባደን ስምምነት ወዲህ ደመወዝ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የድርድር ጉዳይ ሆኖ ይኖራል፣ መንግሥትም እጁን እንዲሰበስብ ሁለቱም ወገኖች ይሻሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ መመሪያ ሲያወጣ ስዊድንና ዴንማርክ የተቃውሞ ድምፅ መስጠታቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ የምክር ቤት አባል የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ ለምን ዝቅተኛ ሆነ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሚኒስትሩ ጉዳዩ የተደራዳሪዎቹ ነው ሲሉ የሚናገሩት እውነት ነው። የሥራ አጥነት መድንም ቢሆን በ1934 የመንግሥት ድጎማ እንዲያገኝ ከተወሰነ ጀምሮ የሚተዳደረው አብዛኞቹ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በተሳሰሩ ልዩ ልዩ የመድን ማኅበራት ሲሆን አባልነቱ በፈቃደኝነት ነው። ግን እዚህ ላይ የመንግሥት እጅ የለበትም ማለት አይደለም፤ በ2007 መንግሥት የአባልነት ክፍያው ከፍ እንዲል ሲያደርግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከመድኑ ወጡ፣ በማግሥቱም የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ። በዚህ ጉዳይ የተጠየቀ ሚኒስትር ወደ ማኅበራቱ ሊጠቁም አይችልም።

የሥራ ጉዳይ መጠየቅን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። በ2018 ምርጫ ማግሥት መንግሥት ለመመሥረት ወራት በፈጀበት ጊዜ ምክር ቤቱ በታኅሣሥ ወር ያጸደቀው በጀት የተዘጋጀው በተቃዋሚዎቹ በሞደራት ፓርቲና በክርስቲያን ዴሞክራቶች ነበር። በ2019 ጥር ወር ግን ሥልጣኑን የያዘው በሶሻል ዴሞክራቶቹ የሚመራ መንግሥት ሆነ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይም ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪ የሚያገናኘው የመንግሥት የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት 4,500 የሚሆኑ ሠራተኞቹን ሊቀንስ እንደሚችል አስታወቀ። የሥራ ሚኒስትሯ ኢልቫ ዩሃንሶን ሌሎች በጻፉት በጀት ውስጥ ሆነው መልስ ለመስጠት ተገደዱ፤ ጠያቂዎቹም ቢሆኑ የበጀቱ አባቶች በሆኑበት ጉዳይ ላይ ሲጠይቁ ጣታቸው ወደ ራሳቸውም ይመለስ ነበር። እንዲህ ያለ ሁኔታ በየቀኑ የሚያጋጥም ባይሆንም፣ መራጩ ሕዝብ ተጠያቂውን ለይቶ ለማወቅ የጥያቄና መልሱን ቃለ ጉባኤ ከበጀት ድምፁ ጋር አስተያይቶ ማንበብ እንዳለበት ያሳያል።

በስቶክሆልምና በጎተንበርግ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ወደዚያ ለሥራ ለመሄድ ለሚያስቡ፣ ከዚህ ሁሉ ቅርብ የሆነው የሥራ ፈቃድ ደንብ ነው። ከ2023 ኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ሠራተኛ ፈቃድ ለማግኘት ደመወዙ ከአገሪቱ መካከለኛ ደመወዝ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆን ተደረገ፤ ይህም በወቅቱ በወር 27,360 ክሮና ነበር። እዚህ ላይ ወሰኑን ያስቀመጠው መንግሥት ራሱ በደንብ ነው፤ የሥራ ገበያ ተደራዳሪዎችን ወይም ብራስልስን ማመካኘት አይቻልም። ስለ ደመወዝ ጣልቃ አንገባም የሚለው መንግሥት ለውጭ ዜጋ የደመወዝ ወለል ሲያስቀምጥ ለምን ጣልቃ እንደገባ መጠየቅ ስለዚህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ምንም ይሁን ምን የመንግሥቱ የራሱ መልስ ነው።

በንግድ ረገድ የሚኒስትሩ ሥልጣን ከሁሉ የራቀ ነው። የኅብረቱ አባል አገሮች ለውጭ ንግድ ቀረጥ የመጣልና የንግድ ስምምነት የመዋዋል ሥልጣናቸውን ለኅብረቱ አስተላልፈዋል፤ ስለዚህ የስዊድን የንግድ ሚኒስትር በኢትዮጵያ ቡና ወይም በሌላ ዕቃ ላይ ቀረጥ ልጣል ወይም ላንሣ ቢሉ አይችሉም። ኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያ በቀር ማንኛውንም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ ኅብረቱ ገበያ የምታስገባው በ2001 እጅግ ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች በተፈቀደው የኅብረቱ ደንብ ነው። በ2023 የወጣው የደን ምንጠራን የሚመለከት ደንብም እንዲሁ የኅብረቱ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ቡና፣ ካካዎ፣ እንጨትና ሌሎች ምርቶች ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገቡት ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ባልተተከለባቸው መሬቶች የተመረቱ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው፤ ማረጋገጫውም የየማሳውን የመሬት አቀማመጥ መለያ ቁጥር ይጨምራል። በሲዳማ ወይም በጌዴኦ ከአንድ ሄክታር በታች ቡና ያለው ገበሬ ማሳው በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ መመዝገብ አለበት ማለት ነው። የደንቡ ተፈጻሚነት ከተቀመጠለት ቀን ተራዝሟል፤ ስዊድንም ራሷ ሰፊ ደን ያላትና እንጨት የምትሸጥ አገር በመሆኗ ጉዳዩ በምክር ቤቷ ሲነሣ የሚሰማው ክርክር ስለ ስዊድን ጫካ ቢሆንም፣ ውጤቱ እስከ ይርጋ ጨፌ ይደርሳል።

ሥልጣኑ ብራስልስ ከሆነ ሚኒስትሩን መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ሚኒስትሩ ብራስልስ ላይ የአገሩን ድምፅ የሚሰጥ ሰው በመሆኑ ላይ ነው። የስዊድን መሠረታዊ ሕግ መንግሥት በኅብረቱ ጉዳይ ምክር ቤቱን እንዲያሳውቅና እንዲያማክር ያስገድደዋል፤ ማማከሩም የሚከናወነው የአውሮፓ ኅብረት ጉዳዮች ኮሚቴ በተባለ አካል ሲሆን፣ ሚኒስትሮች ወደ ኅብረቱ ስብሰባ ከመሄዳቸው በፊት ቀርበው የሚይዙትን አቋም ያስረዳሉ። የዚህ ኮሚቴ ስብሰባ ብዙ ጊዜ በዝግ ይካሄዳል፣ ቃል በቃል የተያዘው መዝገቡ ግን ለሕዝብ ይወጣል። ስለዚህ የንግድ ሚኒስትሩን በሚገባ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ሐሙስ ዕለት ከመነሣቱ በፊት ያንን መዝገብ ያነባል። ሚኒስትሩ በኮሚቴው ፊት የያዙትን አቋም ብራስልስ ላይ ከሰጡት ድምፅ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት ካገኘ ጥያቄው አለቀለት።

ከኅብረቱ ሥልጣን ውጭ የቀረ አንድ ትልቅ የንግድ ዘርፍ አለ፤ እርሱም የጦር መሣሪያ ሽያጭ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ልዩ መሥሪያ ቤት ሲሆን ከፓርቲዎች የተወጣጣ ምክር ቤትም ያማክረዋል፣ መንግሥትም ስለ ሽያጩ በየዓመቱ ለሪክስዳግ ሪፖርት ያቀርባል። ይህ ሁሉ ቁጥጥር እያለ በ2012 መጋቢት ወር የስዊድን ሬድዮ የመከላከያ ምርምር መሥሪያ ቤቱ ሳዑዲ ዓረቢያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እንድታቋቁም ሲያግዝ እንደነበር ይፋ አደረገ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የመከላከያ ሚኒስትሩ ስተን ቶልግፎርስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ነገሩን ያወጣው ጋዜጠኛ እንጂ የምክር ቤት ጥያቄ አልነበረም፤ ጠያቂ የማያውቀውን ነገር አይጠይቅምና። አገሪቱ ከ1766 ጀምሮ የመንግሥት ሰነድ ለዜጋ ክፍት እንዲሆን የደነገገች መሆኗ ለምክር ቤቷ ጥያቄ ጉልበት የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጋዜጠኛው ሰነድ ያገኛል፣ ተወካዩ ጋዜጣውን ይዞ ይነሣል፣ ሚኒስትሩም አላውቅም ለማለት ይቸገራል።

በ1994 የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። በቃል ደረጃ ይህ ከስዊድኑ ምዕራፍ 13 የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም የጡረታ መዋጮው መጠን በአዋጅ የሚወሰን፣ የንግድ ቀረጡም በአገር ውስጥ ሥልጣን የሚጣል በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ስለ እነዚህ ሲጠየቅ ወደ ሌላ አካል የሚያሳልፈው ነገር ከስዊድኑ ሚኒስትር ያነሰ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ እየተቆረጠ የሚጠራቀመው ገንዘብ የት እንደተቀመጠ፣ ምን ያህል እንዳፈራና አሠሪው የሚጠበቅበትን 11 በመቶ በጊዜው ማስገባት አለማስገባቱን ማን እንደሚከታተል ተጠይቆ፣ መልሱም ቁጥር ይዞ በጽሑፍ ወጥቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ እንደገና ሊጠየቅ ይገባል።